ለአጥር የተቆረጡ ጥዶች

ለልጄ፣

እንዴት ከርመሃል? እኔ ጠዋት ጠዋት ጉልበቴን ይይዘኛል እንጂ ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። እህትህም ደህና ናት። ይህን እሷ የጻፈችልኝ መስሎህ እንዳትቆጣት፤ የገዛ እጄ ጽሕፈት ነው። ፊደሉ ተንጋዶ ካየኸው ንዴት ነው እንጂ እርጅና አይደለም። ሰላምታው ይብቃን።

ደብዳቤህ ሐሙስ ደረሰኝ። አንዴ ቆሜ፣ አንዴ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ማክሰኞ ችሎት ስቀርብ “አርጅቻለሁ፣ የማደርገውን አላውቅም ነበር” እንድልልህ ትፈልጋለህ። ፈርሚበት ብለህ የላክኸውንም ወረቀት አየሁት። ጥሩ ወፍራም ወረቀት ነው፤ ዘር ቋጥሬበታለሁ።

የማደርገውን አሳምሬ አውቅ ነበር። አንተ ነገሩን ከሹሞች አፍ ስለሰማኸው እኔ ከሥሩ ልንገርህ።

የዛሬ አራት ዓመት ጥቅል ንድፍህን ታቅፈህ ችግኝ ጣቢያ መጣህ። ሥራ አስፈታኸን፤ ንድፉን መሬት ላይ ዘረጋህና አራቱን ጫፍ በድንጋይ ያዝከው። “ለዓመት በዓላችን እዚሁ ጫካው መሃል ጣሪያ እንሥራ። ግድግዳ የለውም፣ በር የለውም፣ የሁሉም ነው” አልክ። ሲሚንቶ አይገባበትም፣ እንጨት በእንጨት ይያያዛል፣ ሲያረጅም አፈር ሆኖ ወደ ጫካው ይመለሳል አልክ። አፌን ከፍቼ ነው የሰማሁህ። ሃያ ሁለት ዓመት ጥድ ስተክል፣ ለሰው ዘፈን ጥላ የምተክል መሆኔን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር።

ተፋፍገው እርስ በርስ የሚተናነቁትን ዛፎች ብቻ እየመረጥን ሰጠንህ። እርጥብ እንጨት ይጣመማል ስላልክ ዓመት ሙሉ ዳስ ሥር ከምረን አደረቅነው፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ እናገላብጠው ነበር። ጎረቤታችን አዋላጇ እንኳ ከጤና ጣቢያ ስትወጣ ነጭ ጋውኗን ሳታወልቅ ነበር የምታግዘን። አባ ሽብልቅ የምንለው ሽማግሌ አናጢ ምሰሶውንና ወራጁን ሲያጋጥማቸው በመሃላቸው ፀጉር አያሳልፍም። ጣሪያው የቆመ ዕለት ከሥሩ ሆኜ ቀና ስል እንባዬ መጣ። ኮራሁብህ፤ አልዋሽህም።

ምረቃው አንድ ሳምንት ሲቀረው አጥሩ መጣ። ሽቦ፣ መዝጊያ፣ “ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው” የሚል ሰሌዳ።

በምረቃው ዕለት ያለችኝን ደህና ቀሚስ ለብሼ ሄድኩ። ዘበኛው የዳቦ ጋጋሪዋ ባል ነው፤ ከልጅነትህ ጀምሮ ያውቀናል። ፊቴን ማየት አፍሮ መሬት መሬቱን እያየ፣ “እትዬ፣ የጥሪ ካርድ ይዘዋል?” አለኝ። አባ ሽብልቅ ከጎኔ ነበር፤ የተሰነጣጠቀ መዳፉን ዘረጋና “ካርዴ ይኸው፤ ማህተሙ ካልታየህ መነጽር አድርግ” አለው። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ዓይኔ የአጥሩ ቋሚዎች ላይ ቀርቶ ነበር።

ቅርፊታቸው አልተላጠም። ሙጫቸው ገና ይወርዳል። አሥር ዓመት ያልሞላቸው፣ ቀጥ ቀጥ ያሉ፣ የምሥራቁ ተዳፋት ጥዶቼ ነበሩ። አጥሩን ዙሪያውን ሄጄ ቆጠርኩ፤ ዘጠና ስድስት። በማግስቱ ተዳፋቱ ላይ ወጥቼ ጉቶዎቹን ቆጠርኩ። ቁጥሩ እንዲሳሳትልኝ ለምኜ ነበር፤ አልተሳሳተም።

ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ሹሙን “ማን ነው ያስቆረጠው?” ብዬ አፋጠጥኩት። አልተቆጣኝም፤ ያዘነልኝ መሰለኝ። መሳቢያ ከፍቶ ንድፉን አሳየኝ። አጥሩ በቀይ ተሠምሯል፤ አጠገቡ “የሕዝብ እግር የዛፎቹን ሥር እንዳይጎዳ” ይላል፤ ከግርጌው ፊርማህ አለ። “ንድፉን ለሽልማት የሚመዝኑት ሰዎች በሥርዓት የተከለለ ቦታ ማየት ይፈልጋሉ ብሎ ልጅዎ ራሱ ነው የጠየቀን” አለኝ።

የሕዝብ እግር! በባልዲ ውኃ ተሸክሞ ዳገት እየወጣ ያን ሥር ያሳደገው የማን እግር ነው? ዛፍ ልጠብቅ ብሎ ዛፍ የሚፈጅ ሰው ከእኔ ማህፀን ወጣ?

በዓሉ የደረሰ ዕለት ሰዉ ከአጥሩ ውጭ መንገድ ዳር ቆመ። ዝናቡ መጣ። ጣሪያችን ሥሩ ደርቆ ባዶውን ከፊታችን ቆሟል፤ እኛ እንበሰብሳለን። አዋላጇ ከሳምንት በፊት ያዋለደቻት አራስ ሕፃኗን በሻርፕዋ ውስጥ ደብቃ ትንቀጠቀጣለች። ያኔ የመጀመሪያውን ቋሚ አቅፌ ነቀነቅኩት። ማንም አልገፋፋኝም። አፈሩ ርሶ ነበርና ወጣ። ከዚያ አዋላጇ ያዘች፣ ከዚያ አባ ሽብልቅ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ። ዘበኛው “ኧረ በፈጠራችሁ፣ ከሥራ ታስባርሩኛላችሁ!” እያለ ሲለምን ቆየና፣ ዞር ስል ሽቦውን ሲጠቀልል አየሁት።

ጥቅል ሽቦውን ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ አስቀመጥንላቸው። ቋሚዎቹን ልጠን ዳስ ሥር ከምረናቸዋል፤ ሲደርቁ መቀመጫ ይሆናሉ። ከዚያ ጣሪያው ሥር ገብተን ተዘፈነ። ከበሮ ሲመታ ድምፁ በወራጆቹ ላይ እንዴት እንደሚንከባለል ብታውቅ! ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ቤቱ ጥሩ ነው። ክፉ ቤት ሠርተህ ቢሆን ኖሮ ረግሜህ ይወጣልኝ ነበር።

ከሥራ ታግጃለሁ። ችግኞቹን ማን እንደሚያጠጣቸው አላውቅም። ማክሰኞ “አዎ፣ ነቅያለሁ” እላለሁ። ለምን ካሉኝ ተዳፋቱን ወጥተው ይዩት። ዳኛው “ንድፉን ማን ፈረመ?” ብሎ ከጠየቀ አልዋሽለትም። ካልጠየቀ ስምህ ከአፌ አይወጣም። ይህን የማደርገው አንተ ስለጠየቅኸኝ አይደለም።

በምረቃው ዕለት ትኩሳት ጥሎህ ከአልጋ መነሣት ስላቃተህ መምጣት እንዳልቻልክ ጽፈህልኛል። ፈጣሪ ምሕረቱን ያውርድልህ፤ ክፉ አይንካህ፤ እጅህ የሠራው ይቁምልህ። ግራጫው ኮት ትከሻህ ላይ ጠቦሃል፤ ሌላ አሰፋ። አንገትጌውም የዚያን ዕለት ከኋላ ወደ ውስጥ ታጥፎ ነበር፤ ሽቦው ከልክሎኝ እንጂ ባስተካከልኩልህ።

እናትህ