እንስራውን ማን ሠራው?

ወረታ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለወገኔ፣

እንዴት ነህ የኔ ዓለም? ፍሬህይወትስ እንዴት ናት? ስሟን ስጽፍ እጄ ቆም እንዳለ አልደብቅህም፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ስጠራት የመጀመሪያዬ ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሌላው ጤና ነው። የምጽፍልህን በስልክ የማልነግርህ፣ አንተ "ደህና ነኝ እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ" ስለምትል፣ እኔም ኮርቼ ስለምዘጋው ነው። ወረቀት ግን እስክጨርስ ይታገሠኛል።

ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሥራ ፈትታ ተቀምጣለች ብለህ እንዳታስብ። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አሮጌ መጻሕፍት ሲያስወግድ፣ ሽፋኑ የወለቀ፣ ርእሱ እንኳ የማይታወቅ አንድ የትርጉም ልብ ወለድ ይዤ መጣሁ። ሃያ ስምንት ዓመት እዚያው ሠርቼ የጠበቅሁትን መጽሐፍ የበርበሬ መጠቅለያ ላስደርገው ነው? ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ሲበተን በረንዳችን ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለጎረቤት ማንበብ ጀመርኩ። ታሪኩ በበረዶ ውስጥ መንገድ ስለጠፋበት ሰው ነው። ከተራሮች ጀርባ የተደበቀ አገር ያገኛል። እዚያ ጠብ የለም፣ ረሃብ የለም፣ ሰውም ቶሎ አያረጅም። ሰውየው ግን አንድ ቀን ወጥቶ ይሄዳል፤ በኋላ ልመለስ ቢል መንገዱን ያጣዋል።

ኧረ የአድማጩን ነገር ብታይ! አያ ገሰሰ፣ ያ ከቤታችን ጀርባ ሩዝ የሚያመርተው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተቆጣ። "እዚያ አገር ማነው የሚያርመው? ችግኙን ማን ይተክላል? ወፉንስ ማን ይጠብቃል? ሁሉም ቁጭ ብሎ ሙዚቃ ይሰማል። ይኸ አገር አይደለም፣ ጡረታ ነው!" አለ። እዚያ ሰው ሁለት መቶ ዓመት ይኖራል ስለው ደግሞ ወደ ሚስቱ ወደ መነን ዞር ብሎ "ሁለት መቶ ዓመት አብረን?" አላት። "ሠላሳውንም የቻልኩት በጸሎት ነው" ብላ በሳቅ ገደለችን።

መሪጌታ ገብረማርያም በበኩላቸው "ገዳም ነው እንጂ ምንድን ነው? ጣራ ገዳም የወጣ ሰው ይህ አይደንቀውም" አሉ። ቆየት ብለው ግን "ጾም የሌለበት ገዳም አላየሁም" ብለው ታዘቡት። ከአዲስ አበባ የመጣው ወጣቱ መምህር የኔነህ ደግሞ "እኔ ብሆን ከዚያ ንቅንቅ አልልም ነበር" ብሎ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። አያ ገሰሰ ዝም ይላል? "አንተማ ከወረታም ለመሄድ የዝውውር ማመልከቻ አስገብተሃል" ብሎ አፉን አስያዘው።

እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ፤ እስካሁን የዞርኩት ፈርቼ ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ የፍሬህይወት እናት ደብሬ፣ ገበያ ያልተሸጠላትን ሸክላ ተሸክማ ስታልፍ ንባቡን ሰማችና ቆመች። ከዚያ ከአጥራችን ውጪ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ግቢ ያላት የለም፤ እኔም አላልኳት። ልጆቻችን የተጋቡ ሴቶች፣ በአንድ ከተማ እየኖርን፣ ደህና ዋልሽ ሳንባባል ሦስት ዓመት! በሚቀጥለውም ቅዳሜ መጣች፣ ከዚያም መጣች። ውሃ ስትለምን ለሸክላ ሠሪዎች ብዬ ለብቻ ባስቀመጥኳት ጣሳ ቀድቼ በአጥሩ ላይ አቀበልኳት። ያቺን ጣሳ ታውቃታለህ፤ ልጅ ሳለህ በእሷ ጠጥተህ የገረፍኩህ ናት።

ባለፈው ወር መጨረሻ መጽሐፉ አለቀና ሁሉም የመሰለውን ተናገረ። ደብሬ ከድንጋዩ ላይ ሆና "እኔም ልጠይቅ?" አለች።

"ጠይቂ" አልኳት።

"እዚያ አገር እንስራውን የሚሠራው ማነው? ሠርቶ ሲያበቃስ የት ነው የሚኖረው? ከእነሱ ጋር ነው ወይስ ከአጥር ውጪ?"

አያ ገሰሰ አንገቱን ደፋ። እኔ መቼም መልስ አላጣም፣ "መጽሐፉ ውስጥ ይኖራል፤ አይቼ እነግርሻለሁ" አልኳት። እውነትም የሚኖር መስሎኝ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ገጽ በገጽ ፈለግሁ። አሥራ አንድ ቦታ ላይ በሸክላ ይጠጣሉ፣ በሸክላ ይበላሉ። ሸክላውን የሠራ ሰው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም የለም። ጠማኝና ተነሥቼ ጓዳ ካለው እንስራ ቀዳሁ። ያ እንስራ የደብሬ ሥራ ነው፣ ወገኔ። አሥር ዓመት ከእሷ እንስራ ስጠጣ ኖሬ፣ እሷን በእኔ ብርጭቆ አንድ ቀን አላጠጣኋትም። አፈርኩ። ልጄ፣ በጣም አፈርኩ።

በማግስቱ ቤቷ ሄድኩ። ጭቃ ስታቦካ አገኘኋት። "ውሃ አጠጭኝ" አልኳት። እስከ ክንዷ በጭቃ እንደተለወሰች ቆማ ቀረች። "እትየ ስንዱ፣ ሰው ያይዎታል" አለችኝ።

"ይየኛ!" አልኩና የሰጠችኝን እስከ ጠብታው ጨለጥኩት። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፤ እሷ ቶሎ አቆመች፣ እኔ ግን ቆየሁ። ፍሬህይወት ወሯ መግባቱን የነገረችኝም ያን ጊዜ ነው። አያት ልሆን መሆኔን ከሌላ ሰው አፍ ሰማሁት። ተቀየምኩ ብልስ ማን ይሰማኛል?

ባለፈው ቅዳሜ ደብሬ በረንዳው ላይ ከእኔ አጠገብ ተቀመጠች። አንዲት ጎረቤት ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሥታ ሄደች፤ ትሂድ። አያ ገሰሰ ደግሞ "እኔም እኮ መጀመሪያ የጠየቅሁት ይኸንኑ ነው፤ ማን ይሠራል ነው ያልኩት" እያለ ሊመጻደቅ ሞከረ። ጣሳዋን የዶሮ ውሃ መጠጫ አድርጌያታለሁ።

ወገኔ፣ ፍሬህይወትን ይዘሃት የመጣህበት ቀን ከዓይኔ አይጠፋም። በራችን ላይ እጆቿን አጣምራ ቆማ ነበር። የጠበቀችው አንዲት ቃል ብቻ ነበር፤ "ግቢ" የምትል። እኔ በሩን ይዤ ዝም አልኩ። አንተም እጇን ይዘህ ሄድክ። ልክ ነበርክ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ያ የመጽሐፉ ሰው መመለሻውን ስላጣ አሳዘነኝ፤ እኔ ግን መንገዱን የምታውቅ ሴት አግኝቻለሁ።

ደብሬ ልጇን ልታርሳት ሐዋሳ ስትመጣ አብሬያት እመጣለሁ። ይህን ደብዳቤ በእጅህ የምትሰጥህ እሷ ናት። አንተ ስታነብ እኔ ከበራችሁ ውጪ ቆሜ እጠብቃለሁ። እስከዚህ ያለውን አንብቤላት "ምን በወጣዎት፣ አብረን እንገባለን" ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። አንተም እናቴ ናት ብለህ ሮጠህ እንዳትወጣ። መጀመሪያ ለፍሬህይወት አንብብላት፤ ቃሉ የእሷ ነው። ዛሬ አይሆንም ካለች፣ የያዝኩትን የገንፎ ቅቤና የአያ ገሰሰን ሩዝ ለደብሬ ሰጥቼ እመለሳለሁ። አልቀየምም፤ ደግሜ እመጣለሁ።

ማርያም በሽልም ታውጣት። የሚወለደውን በጤና ያሳድግላችሁ። ደጃችሁ ሰው አይጣ።

እናትህ ስንዱ
ከደጃችሁ