ከወንበሯ ስለተነሣችው ልጄ

ለክቡር የአካል ጉዳት ድጋፍ አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ የእግርዎ ጣቶች ሳይቀሩ ሁሉም በየቦታቸው ሆነው ያዘዟቸውን የሚፈጽሙልዎ ይሁኑ። ይህን የምመኝልዎ ከልቤ ነው፤ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ቢያምጽብዎ ማመልከቻ ይዘው የሚቀርቡት እርስዎ ወደሚመሩት ኮሚቴ ነውና፣ እንዲህ ያለውን ዕጣ ለጠላትም አልመኝም።

ባለፈው ወር በኮሚቴዎ ፊት ከቀረበችው ሴት ጎን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ የተቀመጠችው አሮጊት እኔ ነኝ። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በጽሕፈት መኪና የመሥሪያ ቤት ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ ስጽፍ ኖሬ በጡረታ ተገልያለሁ። ሴትየዋ ልጄ ናት፤ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመት በልብስ ስፌት ፋብሪካ ጨርቅ ቆራጭ ነበረች፤ ያለ ጠመኔ ቀጥ አድርጋ ስለምትቆርጥ ባልደረቦቿ «መቀስ» ይሏት ነበር። ከሰባት ዓመት ወዲህ የነርቭ ሕመም ከእግሯ ጀምሮ ወደ ላይ እየወጣባት ነው። ሕመሙ ጸባይ የለውም፤ አንድ ቀን ይለቃታል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይጥላታል። በሚጥላት ቀን ከአልጋ አንሥቶ የሚያጥባት ሰው ያስፈልጋታል። ይህን ታደርግልን የነበረችው በድጋፉ የምትላክልን አንዲት ትከሻ ሰፊ ረዳት ነበረች። ኮሚቴዎ «ድጋፍ አያስፈልጋትም» ብሎ ስለወሰነ ረዳቷ መምጣት አቁማለች። ይግባኝ ብለን ለሰኞ ጠዋት ተቀጥረናል። የቃለ ጉባኤውም ግልባጭ ስለተሰጠኝ፣ ደጋግሜ አንብቤ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፤ ለጥቆማ መቀበያ መስኮትዎ ምስጋና ይድረሰው። «ስማቸው እንዲገለጽ ያልፈለጉ የአካባቢው ነዋሪ» ልጄን በእግሯ ዳቦ ቤት ስትሄድ አይተዋታል፤ ደጅ ተቀምጣ ስትስቅም አይተዋታል። እውነት ነው። ሐሙስ ቀን ነበር። ከበራችን እስከ ዳቦ ቤቱ መቶ አርባ ርምጃ ነው፤ ግድግዳ እየያዘች ሄዳ፣ ግድግዳ እየያዘች ተመለሰች፤ ደስ ቢላት ሳቀች። ዓርብና ቅዳሜ ብርጭቆ ወደ አፏ ማድረስ አቅቷት ውሃ በማንኪያ ነው ያጠጣኋት። ይህን የጠቆመ የለም፤ ዓርብና ቅዳሜ ያለፉት ቤት ውስጥ ነውና። ሰው የሚጠቁመው ያየውን ነው፤ ልጄ ደግሞ ለሰው የምትታየው መታየት በቻለችበት ቀን ብቻ ነው።

ሁለተኛ፤ ቃለ ጉባኤው ስለ ልጄ «ንጽሕናዋን የጠበቀች፣ ጸጉሯ የተበጠረ፣ ልብሷ የተተኮሰ፣ ጥፍሯ ቀለም የተቀባ» ይላል። ለምስክርነቱ አመሰግናለሁ፤ ሙያው ግን የእኔ ነው። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ተጨማዶ መሄድ አለቃን መስደብ ነበር። ስለዚህ ያን ዕለት ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ጀምረን፣ ረዳቷ እየደገፈቻት እኔ እየቆለፍኩ፣ ዐሥራ አንድ አዝራር በሦስት ሰዓት ጨረስን። የጥፍሩን ቀለም የቀባቻት ረዳቷ ናት። ልጄ ጣቶቿን ዘርግታ እያየች «ሥራ መፍታታቸው ካልቀረ እንኳ ይዋቡ» ብላ ነበር፤ ይህ ቀልድ በቃለ ጉባኤው አልሰፈረም። እንግዲህ ድጋፍ የሚገባው ሰው መቆሸሽ እንዳለበት አስቀድሞ ማስታወቂያ ቢለጠፍልን ኖሮ ሳሙናውንም ድካሙንም ባተረፍን።

ሦስተኛ፤ እርስዎ «እንዴት ነሽ?» ብለው ጠየቋት። «ደህና፣ ፈጣሪ ይመስገን፤ እርስዎስ?» አለች። ጸሐፊዎ «ደህና መሆኗን በራሷ አንደበት አረጋግጣለች» ብሎ ጻፈ። እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት ቃለ ጉባኤ ስጽፍ ስንት ሰው ሰላምታ ሲለዋወጥ ሰምቻለሁ፤ ሰላምታን የውሳኔ ማስረጃ አድርጎ ማስፈር ግን አልተማርኩም ነበር። ዕድሜ ይስጥዎ፣ በስተርጅና ተማርኩ። ለመሆኑ እርስዎም ለእሷ «እኔም ደህና» ብለዋል፤ የእርስዎ ቃል ለምን ቀረ?

አራተኛ፤ የሐኪሞቹ ማስረጃ ዐሥራ ዘጠኝ ገጽ ነው። በክር አስሬ አስረከብኩ፤ በክር እንደታሰረ ተመለሰልኝ። ቋጠሮው የእኔው ነው። ወረቀቱን ከመጉላላት ስላዳኑልኝ አመሰግናለሁ።

አምስተኛ፤ ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። ቀጠሯችን ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር፤ እርስዎ የገቡት አምስት ሰዓት ከሩብ ነው። ሥራ ይበዛብዎታልና በዚህ አልወቅስዎትም። በሩ ተከፍቶ ሽበትዎ ሲታይ ልጄ ተነሣች። ተነሣች ማለት ለሌላው ሰው አንድ ቃል ነው፤ ለእሷ ግን እንዲህ ነበር። ሁለት መዳፏን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተከለች፤ ግራ ጉልበቷን ወደ ኋላ ገፍታ ቆለፈችው፤ የቀረውን ሰውነቷን በክንዷ ጎትታ አወጣችውና ትንፋሿን ይዛ ቆመች። ክንዷ ሲንቀጠቀጥ አጠገቧ ሆኜ አያለሁ። አልከለከልኳትም፤ እንዲያውም ኮራሁባት። ታላቅ ሲገባ ተቀምጦ መቆየት ነውር ነው ብዬ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ በስድስት ዓመቷ እንግዳ ሲገባ ሳትነሣ ብትቀር እንግዳው እስኪሄድ ግድግዳ ሥር አቁሜያታለሁ። እርስዎም «ተቀመጪ፣ ልጄ፣ ተቀመጪ» ሲሏት ደግ ሰው ላይ ጣለን ብዬ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ቃለ ጉባኤው ግን «አመልካች የሰው እርዳታም ሆነ ምርኩዝ ሳያስፈልጋት ከወንበሯ ተነሥታ ቆማለች፤ ይህንንም የኮሚቴው አባላት በሙሉ በዓይናቸው አይተዋል» ይላል። ለእርስዎ ክብር ብትቆም፣ በእርስዎ ፊርማ ማስረጃ ሆነባት። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ የሆነውን አልጽፍም፤ እሱ የልጄ ነው። ከዚያ በኋላ አራት ቀን ከአልጋ አልወረደችም። በአምስተኛው ቀን መቆም እንደምትችል የሚያበሥረው ደብዳቤዎ ደረሰን፤ ተኝታ አነበበችው።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ነገር ብቻዎን እንዳልሆኑ እመሰክራለሁ፤ ሕዝቡ ከእርስዎ ጋር ነው። ውሳኔው በተሰማ ማግሥት ዳቦ ቤት ተሰልፌ ሳለ ከፊቴ ያሉት ጉዳዩን አንሥተው ነበር። አንዷ «እኛ ወገባችን እየተቆረጠ እንሠራለን፣ እሷ ጥፍሯን ትቀባለች» አለች። ሌላው «እግር የሌለውማ ማን ይከለክለዋል፤ ይኼ የሚመጣ የሚሄድ በሽታ ግን ምን የሚሉት ነው?» አለ። ሦስተኛዋ «እውነተኛው በሽተኛ እኮ ፊቱ ያስታውቃል» ብላ ዘጋችው። ዳቦ ሻጩ «ኧረ ተዉ፣ እናትየው ኋላችሁ ቆማለች» ቢላቸው «ትስማ፣ ምን አለበት» አሉት። ሰማሁ። ከዚህ እንደተረዳሁት ድጋፍ የሚገባው ሰው አይስቅም፣ አይዋብም፣ ደጅ አይወጣም፣ ተሽሎት አያድርም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጎረቤት አይደለም፤ ሩቅ ያለ፣ ስሙ የማይታወቅ፣ ሲያዩት ብቻ የሚያሳዝን ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ካገኙት እባክዎን ድጋፉን ይስጡት፤ እኛ እስካሁን አላገኘነውም።

ስድስተኛውን ቁጥር ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት አብራኝ የምትሠራ አንዲት ፋይል ያዥ ባሏ ወገቡን ታሞ ቤት ዋለባት። በምሳ ሰዓት ስታለቅስ አጽናናኋትና፣ ዞር ስትል «መሥራት ጠልቶ ነው፤ ትናንት ጋዜጣ ሲገዛ አይቼዋለሁ» አልኩ። የሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለው እንዲህ ነው። ያን ጊዜ የጥቆማ መስኮት አልነበረም እንጂ፣ ቢኖር ከእኔ ቀድሞ የሚሰለፍ አይገኝም ነበር። ሰውየው በሁለተኛው ዓመት ሞተ። ይህን የምጽፈው ሌላውን ስወቅስ ራሴን የዘለልኩ እንዳይመስል ነው።

ያለፈው ማክሰኞ ልጄን ሕመሙ ጣላት። ረዳቷ ስለሌለች እኔው ላነሣት ሞከርኩ። በብብቷ ይዤ ሳብ ሳደርጋት ሁለታችንም ወለል ላይ ወረድን። እሷ እኔ ላይ ናት፤ እኔ መነሣት አልችልም፤ እሷም መንከባለል አትችልም። «እማ፣ ተጎዳሽ?» ትለኛለች፤ «ዝም በይ፣ አልተጎዳሁም» እላታለሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደዚያ ሆነን ቆየን። በመጨረሻ ጩኸታችንን ሰምታ የገባችው፣ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ስለምታደርስ «ሬዲዮ» የምንላት ጎረቤታችን ናት። ልጄን አንሥታ አልጋው ላይ አደረገቻት፤ እኔንም አነሣችኝ። ከዚያ በሩ ላይ ቆማ ማልቀስ ጀመረች። «እትዬ፣ የጠቆምኳት እኔ ነኝ፤ ይኸው አንገቴ» አለች። «እኔ እኮ የማያት ሲለቃት ነው፤ እንዲህ መሆኗን በምን አውቄ?»

 በማግሥቱ ሳልነግራት ነጠላዋን ጣል አድርጋ ቢሮዎ ድረስ ሄዳ ያንኑ መስኮት አንኳኳች፤ ጥቆማዬን ልመልስ፣ ያየሁትን ልመስክር አለች። የመስኮቱ ሠራተኛ «እናቴ፣ እዚህ መጠቆም እንጂ መመለስ የለም» ብሎ መለሳት። በልጄ ላይ ክፉ የሚናገር ሰው ስሙ ሳይጠየቅ ተሰማ፤ ያው ሰው በስሙ፣ በመታወቂያው፣ በእንባው መጥቶ እውነቱን ልናገር ሲል ሰሚ አጣ። ለዚህ አሠራር የሚገባውን ምስጋና ብፈልግ፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ከተየብኳቸው ደብዳቤዎች በአንዱም አላገኘሁትም።

እንግዲህ ለሰኞ እየተዘጋጀን ነው። ልጄን ስድነት እያስተማርኳት ነው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ወጥቼ በሩን አንኳኩቼ እንደ ባለሥልጣን እገባለሁ፤ እሷ ተቀምጣ መቆየት አለባት። «እንዴት ነሽ?» እላታለሁ፤ «ታምሜያለሁ» ማለት አለባት። «ታምሜያለሁ፣ ይቅርታ» ትለኛለች። «ይቅርታውን ተይው» ስላት «እሺ፣ ይቅርታ» ትላለች። የምትለብሰውን ቀሚስ ጨምድጄ ወንበር ላይ ጥዬዋለሁ፤ ባየሁት ቁጥር እጄ ካውያውን ይፈልጋል። የጥፍሯን ቀለም ትናንት አስለቀቅኳት። እኔ ስገባ ተቀምጣ መጠበቁን ለምዳለች፤ ሬዲዮ ሾርባ ይዛልን ስትገባ ግን ክንዷ ወንበሩን ሲገፋ አየሁት። አርባ ዓመት ያስተማርኩትን በዐሥር ቀን ማስረሳት አልቻልኩም።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። ክሩን ይፍቱና ዐሥራ ዘጠኙን ገጽ ያንብቡ። ረዳቷ ካልተመለሰችልን በሚቀጥለው ጊዜ ወለል ላይ ስንወርድ ሬዲዮ ገበያ ሄዳ ሊሆን ይችላል።

ውድ ጊዜዎን ወስጄ በጻፍኩት ሁሉ ቅር እንዳይሰኙ እየለመንኩ፣ ወንበርዎ የጸና፣ ደረጃዎ የማያደክም፣ እርጅናዎም የሚያምንዎ ሰው ያለበት እንዲሆን በመመኘት፣ በሚገባው ትሕትና እሰናበትዎታለሁ።

የመቀስ እናት፣
ጡረተኛ የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ

በተረፈ፤ ሰኞ ዕለት እባክዎን ከእኛ ቀድመው ገብተው ይቀመጡልን። ተቀምጠው ካገኘችዎ ትቀመጥ ይሆናል። እንደ በፊቱ አርፍደው ከገቡ ግን ትነሣለች፤ በእኔ ምክር አትመለስም። ያን ጊዜ መነሣቷን በሚጽፉበት መስመር ቀጥሎ፣ ስትወድቅ ከኮሚቴው አባላት ማን እንዳነሣትም አብሮ ይጻፍልን።