ጋሽ ብሎን የጻፉት፣ ልጃቸው የፈረመችበት

ጋሽ ብሎን በሚል ቅጽል ስም የምታውቋቸው አባታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1953 ዓ.ም. ተወለዱ። የላላ ነገር ካዩ ሳያጠብቁ አያልፉም ነበርና ስሙን ያወጡላቸው የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ናቸው። በ1972 ዓ.ም. የንድፍ ትምህርታቸውን አጠናቀው በማተሚያ ቤት በሠዓሊነት ተቀጠሩ። በ1980 ዓ.ም. ከሒሳብ መምህርቷ እናታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ።

በ1998 ዓ.ም.፣ በአርባ አምስት ዓመታቸው፣ ከወጣቶች እኩል ኮምፒውተር ተምረው አንድ የአኒሜሽን ድርጅት ገቡ። ከዓመታት በኋላ ታላቋን ልጃቸውን፣ የዚህን ጽሑፍ አዘጋጅ፣ እዚያው አስቀጠሯት።

በ2009 ዓ.ም. ድርጅቱ በሚሠራው ፊልም ላይ አንዲት እናት ሕፃኗን አዝላ ትነሣለች። በሶፍትዌሩ አጠራር እናቲቱ "ወላጅ"፣ ሕፃኑ "ልጅ" ናቸው፤ ወላጁ ሲንቀሳቀስ ልጁ መከተል አለበት። ሆኖም ሁለቱ በተያያዙ ቁጥር ሕፃኑ ከጀርባዋ ተስፈንጥሮ ጣሪያ ላይ ይገኛል። ሠራተኛው ስቆ ስቆ ሲያበቃ ተስፋ ቆረጠ። አባታችን ግን ሦስት ሳምንት ተቀምጠው፣ ከመያያዙ በፊት ልጁ የነበረበትን ቦታ መዝግቦ ከተያያዘ በኋላ እዚያው የሚመልስ እስክሪፕት፣ ማለትም አጭር የኮምፒውተር ትእዛዝ፣ ጻፉ። ልጃቸው ፋይሉን በራሷ ስም ላከች።

ሥራ አስኪያጁ "ይሄን ማን ሠራው?" ሲሉ "እኔ" አለች። አባታችን መነጽራቸውን እየወለወሉ "ጎበዝ ናት" አሉና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። እርሷ የክፍል ኃላፊ ሆነች። በዓመቱ እርሳቸው "አዲስ ነገር አያመነጩም" ተብለው ሲሰናበቱ፣ ደብዳቤውን በእጃቸው የሰጠቻቸው እርሷው ናት። እናታችን "ምን አጥፍተህ ነው?" ብትላቸው "ዕድሜ ነዋ!" አሏት።

ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸው ታመመ። ልጃቸው አልጋቸው አጠገብ ተንበርክካ "አባዬ፣ በድዬሃለሁ" አለቻቸው።

"እስክሪፕቱ ይሠራል?"

"ይሠራል።"

"ሕፃኑ አይወድቅም?"

"አይወድቅም።"

"እንግዲያ ተይው፣ ልጄ።"

እርሳቸው ተዉት፤ እርሷን ግን ኀፍረቱ አልተዋትም።

ኅዳር 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውና አንድ የልጅ ልጃቸው ቀርተናል።

ለቀብሩ የመጣችሁ የድርጅቱ ሠራተኞች፦ ያ እስክሪፕት የአባቴ ሥራ ነው። ይህን መናገር የነበረብኝ እርሳቸው ቆመው ሊሰሙ በሚችሉበት ጊዜ ነበር። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን።