ወይራውን የተቆጣሁ ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ነሽ? የሰው አገር ሙቀቱስ፣ ሥራውስ እንዴት ይዞሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ይኼን የምጽፈው ራሴው ነኝ። ፊደሉ ዶሮ የጫረው ቢመስልሽ አትሳቂ፤ ከመሠረተ ትምህርት አላለፍኩም። የጎረቤታችን ልጅ ፈርሂያ በስልኳ አንስታ ከመላክ በቀር አንዲት ፊደል እንዳታቃና ከልክያታለሁ።

ያን የጤና መድን ስሰድበው እንደኖርኩ ታውቂያለሽ። መዋጮ ይቀበላሉ፤ ጤና ጣቢያ ስንሄድ መድኃኒት የለም፤ የመድኑ ኮሚቴ ቢሮ ተዘግቶ ይውላል። አምና ግን ቅሬያችን መላ መታ። "ስንሞት የምንሰበሰብ ሰዎች ስንታመምም እንሰብሰብ" ተባለና፣ ኮሚቴው ቅሬው በተሰበሰበ ቁጥር ወይራው ሥር ተቀምጦ እንዲጠየቅ፣ የቀረም እንደማናችንም እንዲቀጣ ተወሰነ። ሊቀመንበሯ ዘይነባ መጀመሪያ ስትመጣ ሰዉ ጮኸባት። በሁለተኛው ስትመጣ የስኳር መድኃኒቱ ገብቶ ነበር። "ባዶ እጄን መጥቼ የናንተን ፊት ልይ እንዴ?" አለች።

እኔ መች ረካሁ! ተነሥቼ "ጆሮ የላችሁም!" ብዬ ወረድኩባት። አስጨርሳኝ ምን ብትል ጥሩ ነው? "አባ አራጌ፣ የሚቆጡት ወይራውን ነው፤ እኔ በግራዎ ነኝ።"

ሰዉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ጠጋ ብላ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ፀሐዩ ነው አልኳት። "የምን ፀሐይ? ደመና እኮ ነው" አለች።

በማግስቱ ደጄ ላይ ቆመች። ሐኪም ቤት እንሂድ ስትለኝ አልሄድም ብዬ ድርቅ አልኩ። "እንግዲያው የታመመ አይታ ተወች ብሎ ቅሬው የሚቀጣው እኔን ነው፤ ለእርስዎ ባይሆን ለእኔ ይሂዱልኝ" አለች። ይኼን የምትል ሴት እንዴት እንቢ ትባላለች? የአቀስታን ብርድ አቋርጠን ደሴ ወሰደችኝ፤ የዓይኔን ሞራ ገፈፉልኝ። መድኑ ገንዘቡን ከፈለ፣ እኔ ዱዓዬን ከፈልኩ። አንቺም ዱዓ አድርጊላት።

ቤት ስገባ መጀመሪያ የሄድኩት ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶሽ ነው። የላክሽው ጊዜ በስልክ "ወፍረሻል፣ አምሮብሻል" ብዬሽ፣ አንቺም ስቀሽ ነበር። አሁን ነው ያየሁት፤ ከስተሻል። በሂጃብሽ ጫፍ ልትሸፍኚው የሞከርሽውን የእጅሽን ጠባሳም አየሁ። አልጠይቅሽም።

እዚያ ያለሽው ለእኔ ብለሽ ከሆነ፣ ለእኔ ወይራው ሥር ሰው አለኝ። ነይ ልጄ። ከሚኒባሱ ስትወርጂ ከሩቅ ለይቼሽ እጠብቅሻለሁ።

አላህ በሰላም ያግባሽ፤ የረገጥሽው ይለምልም።

አባትሽ