ወንድሜ የተንቀሳቀሰው ትንፋሽ አጥሮት ነው

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የምስል ምርመራ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ፣ በተለይም ለጉሮሮዎ፣ አየር እንደ ልብ ማስገባትና ማስወጣቱን ይቀጥል ዘንድ መልካም ምኞቴን በአክብሮት አቀርባለሁ። እኔ ነገ ጠዋት ክፍልዎ ለሁለተኛ ጊዜ የሚቀርበው የአውቶቡስ ሹፌር ታላቅ እህት ነኝ። አንጎሉ ውስጥ አንዲት የደም ሥር አብጣ ስለተገኘች ቀዶ ሐኪሙ ሥሮቹን አጥርቶ ማየት አለበት፤ ለዚህም እናንተ ኮንትራስት የምትሉት፣ የደም ሥርን በምስል ላይ የሚያጎላው ፈሳሽ በክንዱ ይወጋል። ክፍልዎ ሁለት ዓይነት ኮንትራስት እያወዳደረ በመሆኑም የእኛ ሰው አንድ ጊዜ በመጀመሪያው፣ ሌላ ጊዜ በሁለተኛው እንዲነሳ ተመርጧል። እናመሰግናለን፤ ቤተሰባችን ከዚህ በፊት ለምንም ነገር ተመርጦ አያውቅም።

ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው፦

፩. ባለፈው የመጀመሪያው ፈሳሽ እንደገባ የወንድሜ ፊት አብጦ፣ ጉሮሮው ተዘግቶ፣ ማሽኑ ውስጥ ሲንፈራገጥ በመስታወቱ በኩል በዓይኔ አየሁ። ባለሙያው በድምፅ ማጉያ «ወንድሜ፣ እባክህ አትንቀሳቀስ» ይለው ነበር። ትሕትናውን አደንቃለሁ። ሲስተሯ ሮጣ ገብታ መርፌ ባትወጋው ኖሮ ዛሬ ለማንም ደብዳቤ የምጽፍበት አቅም አይኖረኝም ነበር፤ እግዜር ይስጣት።

፪. ከዚያ ከክፍልዎ ተደውሎ «ታካሚው ስለተንቀሳቀሰ ምስሉ ደብዝዟል፣ በዚያው ፈሳሽ ይደገማል» ተባልን። የተንቀሳቀሰው ትንፋሽ አጥሮት ነው ብዬ ባስረዳ፣ የደወለችው ልጅ «ገባኝ እትዬ፣ ግን ሁለቱም ምስል ከሌለ ማወዳደር አይቻልም» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔም ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሁለት ክር ሳወዳድር ሁለቱንም እስኪበጠሱ እስባለሁ። ክር ግን እህት የለውም።

፫. ሁለተኛው ብቻ ይሰጠው ብዬ ልለምንዎ ቢሮዎ በር ላይ ብቆም፣ ቁልፍዎን እያንቃጨሉ «አይዞሽ እህቴ፣ ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም» ብለውኝ አለፉ። ስላጽናኑኝ ከልብ አመሰግናለሁ። «ብዙ ጊዜ» ያሏትን ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁ፣ እስካሁንም አልወረደችልኝም።

፬. ይህ እንኳ ቅሬታ አይደለም። ፈርቻለሁ። ቢቀር ያበጠችው የደም ሥር ትፈነዳለች፣ ቢሄድ ጉሮሮው ይዘጋል፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኛል። እሱ ግን «ዶክተሮቹ ያውቃሉ» ብሎ ሸሚዙን ተኩሶ ሰቅሏል፣ እንዲያውም እኔን ይቀልድብኛል።

ስለዚህ ከብዙ ሥራዎ መካከል ጥቂት ፋታ አግኝተው «የመጀመሪያው ፈሳሽ ለዚህ ሰው አይሰጥ» የሚል ትእዛዝ እንዲያስተላልፉልኝ እማጸናለሁ። ደብዳቤውን በመጠበቂያ አዳራሹ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት በእርስዎ ላይ እምነት አጥቼ ሳይሆን፣ አብረውት የተመረጡት ሌሎች ሰዎችም የተመኘሁልዎን ጤና እንዲመኙልዎ ብዬ ነው።

ለሳይንስ ያለዎትን ፍቅር ከሩቅ ሆና የምታደንቅ፣ ነገ ግን ከመስታወቱ ሥር የማትጠፋ፣
የሹፌሩ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የደወለችውን ልጅ፣ የወንድሜ መታፈን በፈሳሹ ላይ እንደ ጥፋት ይያዝ እንደሆነ ጠይቄያት ነበር። ምስሉ ሳያልቅ የተቋረጠበት ታካሚ በውጤቱ ውስጥ አይቆጠርም አለችኝ። እንግዲህ ነገ ቢሞትብኝም ፈሳሽዎ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ እንኳን ደስ ያለዎት። እናታችን ግን ማታ በሩን የምትቆልፈው እሱ ከገባ በኋላ ነው፤ ምን ብዬ ቆልፊው እንደምላት ቢጽፉልኝ ውለታዎን አልረሳም።