ስለመረጡልኝ የውሃ ማጣሪያ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የከተማችን ውሃ ባለሥልጣን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ የሆድ ጤና፣ እኛ ዘንድ ከጠፋ ሰንብቷልና። እኔ ከገበያው ጀርባ፣ ስድስት አባወራ በሚኖርበት ግቢ ልብስ እየሰፋሁ የማድር እናት ነኝ። የስድስት ዓመት ልጄ በዚህ ዓመት ብቻ አራት ጊዜ ሆዷን ታማ ተኝታለች። ሐኪሟ በአራተኛው ጊዜ፣ መድኃኒቱ ይብቃትና ውሃውን አጣሪላት ስላሉኝ የውሃ ማጣሪያ ልመርጥ ተነሣሁ። በዚህ ምርጫ መሥሪያ ቤትዎ የዋለልኝን ውለታ በልቤ ይዤ መቅረት ስላልቻልሁ እነሆ በአደባባይ እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ውሃው መልክ አመሰግናለሁ። ቧንቧችን ሲከፈት መጀመሪያ ያስላል፣ ቀጥሎ ቡናማ ነገር ይተፋል፣ ከዚያ በኋላ የመጣልንን አመስግነን እንቀዳለን። ባለፈው የሙሽራ ቀሚስ ስተኩስ ከረጨሁት ውሃ የወጣው ዝገት ደረቱ ላይ ቀረ። ሙሽራዋ በሠርጓ ዋዜማ አለቀሰች፣ እኔም አብሬያት አለቀስሁ።

ሁለተኛ፣ ስላስተማሩኝ ትሕትና አመሰግናለሁ። የማጣሪያ ነጋዴው አንዱ አሸዋ እንደሚይዝ፣ አንዱ ዝገትና ሽታ፣ አንዱ ጀርም፣ አንዱ ደግሞ ጨው እንደሚያስቀር በትዕግሥት ካስረዳኝ በኋላ፣ «እህቴ፣ ለመሆኑ ውሃሽ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ሠላሳ ዓመት የጠጣሁትን ነገር አላውቀውም። ሳላውቅ መግዛት ደግሞ ልኩ ላልተወሰደ ሰው ጨርቅ መቁረጥ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ እግሬ ጤንነት አመሰግናለሁ። የውሃውን የምርመራ ውጤት ልጠይቅ ብዬ ከላቦራቶሪ ወደ ደንበኞች አገልግሎት፣ ከዚያ ወደ መዝገብ ቤት፣ ከመዝገብ ቤት ተመልሼ ወደ ላቦራቶሪ አምስት ሳምንት ተመላልሻለሁ። ውጤቱ የሚሰጠው ጉዳዩ ለሚመለከተው ብቻ ነው ተባልሁ። የምትጠጣው ልጄ ናት ብል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው ተባልሁ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ በየቀኑ ስቀርብ ግን ከግቢያችን ናሙና እንዲወሰድ ታዘዘልኝ። ስፌቱን ዘግቼ፣ የቧንቧውን አፍ አጥቤ ሦስት ቀን ጠበቅሁ። ናሙና ወሳጁ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

አራተኛና ዋናው፣ ስለ ምስክር ወረቀቱ ነው። ሰው ሳይመጣ ውጤት መጣልኝ፤ ማኅተም ያለው፣ ውሃው ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጀርም የለውም የሚል። በደስታ ለልጄ ልቀዳላት ብርጭቆ ካነሣሁ በኋላ የወረቀቱን ግርጌ አነበብሁ። ናሙናው የተወሰደበት ቦታ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ኮሪደር ይላል። ናሙና ወሳጁን ፈልጌ አገኘሁት፤ የዋህ ሰው ነው። «መኪና ተራ አልደረሰኝም፣ ውሃው እንደሆነ ያው አንድ ውሃ ነው ብዬ ከቅርቡ ቀዳሁልሽ» አለኝ። ሁለተኛ ፎቅ ወጥቼ ኮሪደሩን አየሁት። ከቢሮዎ በር አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ ባለ ሦስት ጠርሙስ ማጣሪያ ተሰቅሏል፤ ናሙናዬ የተቀዳው ከእሱ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬን ለአፍታ ይቅር ይበሉኝ። እዚያ ቆሜ ደሜ ፈላ። ልጄ ሆዷን ይዛ ስትንቆራጠጥ ምን እንደሚሻላት እርስዎ ያውቁ ነበር፤ በምስማር መትተው ግድግዳዎ ላይ ሰቅለውታል። ለእኛ ግን ምስጢር ነው።

ከዚያ ወዲያ ምርጫው ቀለለልኝ። በጠርሙሶቹ ላይ የተጻፈውን ስም በምስክር ወረቀቱ ጀርባ ገልብጬ ለነጋዴው ሰጠሁትና ያንኑ ገዛሁ። ነጋዴው ባለ ማኅተም ማስረጃ ይዞ ማጣሪያ ሊገዛ የመጣ ሰው በዕድሜው አላየም። ይኸው ሁለት ወር ሆነ፣ ልጄ አንድ ቀንም አልታመመችም፤ አንጀቴ ራሰ።

ውሃውን ከእኛ ጋር የሚካፈሉ፣ ማጣሪያውን ግን ለብቻዎ የያዙ አለቃችን ሆነው ለብዙ ዘመን እንዲቆዩልን በመመኘት፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

የሦስት ቀን ቀጠሮ አክባሪዋ፣
ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ አምስቱ ጎረቤቶቼም ልጆች ስላሏቸው ጠዋት ጠዋት ጀሪካናቸውን ይዘው በሬ ላይ ይሰለፋሉ፤ ለሁሉም አጣርቼ እቀዳለሁ። ከዚህ የተነሣ ግቢው በሙሉ «ባለሥልጣኗ» እያለ ይጠራኛል። ስለዚህ ከእኛ ግቢ የተጻፈ አቤቱታ በስህተት እርስዎ ዘንድ ቢደርስ እንዳይቸገሩ፤ ወደ እኔ ይምሩት፣ በዕለቱ መልስ እሰጣለሁ።