ያየ በቀኝ፣ የሰማ በግራ

ሰኞ

ከሐራ እስከ ውርጌሳ ባለው መንገድ ከእኔ በላይ የሚያነብ ጋሪ ነጂ የለም። እሺ፣ ከመርሳ መናኸሪያ እስከ ሰይድ ወፍጮ ቤት እንበል። እሱም ፈረሱ ቀስ ካለልኝ ነው። ከሮጠ የሱቁን ስም ሳልጨርሰው ያልፈኛል።

የማታው ትምህርት ዛሬ እንደገና ተጀመረ። ታጣቂዎቹ ከተማውን ይዘው በቆዩበት ጊዜ ተዘግቶ ነበር። ሰሌዳው አለ። ወንበሮቹ ማገዶ ሆነዋል፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። መምህርት አለምነሽም ከወልድያ ተመልሳለች። በዕድሜ ታንሰኛለች፤ መምህር ናትና ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ እዚህ ግን ደብተሩ የእኔ ነው።

«የክፍል አለቃ ምረጡ» አለች። እኔና ዘሃራ የምትባል በርበሬ ነጋዴ ተወዳደርን። ዘሃራ ተነሥታ ጠመኔውን እጠብቃለሁ፣ የቀረውን ሰው ቤቱ ሄጄ እጠይቃለሁ አለች። እኔ ተነሥቼ «ከመረጣችሁኝ ፈተና ይቀራል» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እጁ ሁሉ ለእኔ ወጣ።

መምህርት ወደ ክፍሉ ዞረች። «ፈተና የማስቀረት ሥልጣን አለህ ወይ ብሎ የጠየቀው አለ?» አለች። የለም። «ዴሞክራሲ ይህ ችግር አለበት። መራጩ ካልጠየቀ ቀልደኛ ይሾምበታል።»

እንደ ምስጋና ወሰድኩት።

ማክሰኞ

ዛሬ ነገሩ ቀልድ አይደለም።

መናኸሪያው አጠገብ እንድሪስ ሰው ሰብስቦ ያወራል። እንድሪስ ሱቅ ነበረው፣ ምላስም ነበረው። ሱቁ ተዘረፈ፤ ምላሱን የነካው የለም። ወፍጮኛው ሰይድ ለታጣቂዎቹ ሲፈጭ ነው የከረመው አለ። የማን ቤት እህል እንዳለ፣ የማን ልጅ እንደዘመተ እየጠቆመ ያስዘረፈን እሱ ነው አለ። «እሑድ ቅሬው ይቀመጥና ሰይድን ከአባልነት ያውጣው። የተስማማ እጁን ያውጣ።»

እጅ ወጣ። የእኔም ወጣች። ልጓሙን የያዝኩባት እጅ ስለሆነች ፈረሱም አንገቱን ቀና አደረገ፤ አብሮን የተስማማ መሰለ።

ቤት ገብቼ ለፋጤ ነገርኳት። ሚስቴ ናት፤ አታሞግሰኝም።

«ምን አይተህ?» አለችኝ።

«ሁሉም እኮ አወጣ።»

«ማን እንዳወጣ አልጠየቅሁህም። ምን እንዳየህ ነው።»

ቅሬ የመንደራችን የቀብር ዕድር ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው ሰላም የሚለው የለም፣ እሳት የሚያውሰው የለም። ሞት ቢመጣበት ጉድጓድ የሚቆፍርለት፣ ቃሬዛ የሚያነሣለት የለም። የሰይድ እናት ደግሞ አልጋ ላይ ከዋሉ ሰነባብተዋል፤ ዛሬ ነገ ነው የሚባሉት። እንግዲህ እጄን ያወጣሁት በእሳቸው ቀብር ላይ ነው።

ረቡዕ

እህል ጭኜ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። የሰው ጭነት አልነበረኝም፤ የራሴን ማሽላ ነው የጫንኩት።

ሰይድ ዱቄት ለብሶ ቆሟል። «እጅህን አወጣህ አሉ» አለኝ።

«ልታከክ ነው» አልኩት። አልሳቀም።

ወፍጮውን አጠፋና ተናገረ። «ጠመንጃ የያዘ ሰው ፍጭ ሲለኝ መታወቂያህን አሳየኝ ልበለው? ፈጨሁ። ለእነሱም ፈጨሁ፣ ለእናንተም ፈጨሁ። አንተስ ያን ሰሞን ዱቄቱን ከየት አምጥተህ በላህ?»

ከእሱ ነው። የጥቆማውንስ አልኩት። «ወላሂ ያንተን ቤት እንኳን ጠይቄ ነው የማገኘው» አለኝ።

እውነቱን ይሁን አይሁን አላውቅም። ይህን ቃል ጽፌው አላውቅም ነበር፤ አላውቅም።

ከዚያ ዞርኩ። እንድሪስን ማን ነገረህ አልኩት፤ ሻይ ቤት ሰማሁ አለ። የሻይ ቤቷን ሴት ጠየቅሁ፤ አንድ ተሳፋሪ ሲያወራ ሰማሁ አለች። ተሳፋሪው የት ነው? ወደ ደሴ አልፏል። ስሙ? እንጃ። አንድ ሰው አውቶቡስ ሲጠብቅ ባወራው ወሬ እኛ እዚህ የምንቀብረውንና የማንቀብረውን ልንለይ ነው።

ሐሙስ

ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ጠየቅሁ። ይቺ እጅ እንዲህ ለደህና ነገርም ትወጣለች። «መምህርት፣ ብዙ ሰው ያለው ነገር ልክ አይደለም ወይ?»

«ብዙ ሰው ጋሪህ ላይ ቢወጣ ፈረሱ ይችላል ማለት ነው?» አለችኝ።

ሰው ሳቀ። በእኔ ሲሳቅ ደስ አይለኝም፤ እኔ ነኝ ማሳቅ ያለብኝ። ታዲያ ምርጫ ይቅር? አልኳት። «አይቅር። ብቻ እጅ ከመውጣቱ በፊት ሰው ይጠይቅ። ሳያውቅ የሚመርጥ ሰው የሚመርጥለት ሌላ ነው» አለች።

ዘሃራ ጠመኔውን ሰብስባ ሄደች። አለቃው እኔ ነኝ፤ ረስቼው ነው።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ የቅሬውን ዳኛ አባ ይማምን ተከትዬ ሄድኩ። «አባ፣ ያየ ሰው እኮ የለም» አልኳቸው።

«እኔ ዳኛ እንጂ ንጉሥ አይደለሁም፣ ሁሴን። ብዙው ያለው ይሆናል» አሉኝ። ፊታቸው ግን ደስ አላለውም። እሳቸውም ፈርተዋል። ሰይድን ያዳነ የሰይድ ወገን ይባላል፤ በዚህ ጊዜ ይህ ቀላል ስም አይደለም።

ቅዳሜ

ነገ ምን ላድርግ?

መታመም። ፋጤ ታጋልጠኛለች።

ጭነት አለኝ ብሎ ሐራ መሄድ። ፈረሱ ደህና ይሄዳል፣ እኔ ግን ደህና አልሆንም።

መናገር። ሰው የእኔን ንግግር የሚሰማው ለመሳቅ ነው። ጋሪ ነጂ ሁሴን እንዲህ አለ ቢባል ማን ይቀበላል? ሌላ ትልቅ ሰው ያለው ቢሆን ነበር የሚሻል።

የሰይድን እናት ጠየቅኋቸው። የእሑዱን ነገር አልነገሯቸውም። «አንተ ቀልደኛው፣ ፈረስህ ደህና ነው?» አሉኝ። ደህና ነው አልኩና ወጣሁ።

እሑድ

አልሐምዱሊላህ።

ዋርካው ሥር ተቀመጥን፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ቅሬው በሙሉ። ሰይድ ብቻውን ፊት ለፊት ቆመ። እንድሪስ ተናገረ፤ ጥሩ አድርጎ ነው የተናገረው። የተዘረፈ ሰው ሲናገር ያስለቅሳል። አባ ይማም «እንግዲህ የተስማማ…» ሲሉ ተነሣሁ።

«አባ፣ በፊት አንድ ነገር ይቀድማል» አልኩ። «ውርጌሳ የነበሩት የእናቴ አባት፣ አላህ ይማራቸውና፣ የቅሬ ዳኛ ነበሩ። ሰው ከቅሬ ሳይወጣ በፊት ሸንጎውን ይከፍሉት ነበር። በዓይኑ ያየ በዋርካው ቀኝ፣ በጆሮው የሰማ በዋርካው ግራ። እጅ የሚወጣው ከዚያ ወዲያ ነው።»

የሚስቅ ጠበቅሁ። አልሳቁም። አባ ይማም ጢማቸውን ያዝ አድርገው «ልክ ነው። ይህን ሥርዓት እኔም በልጅነቴ ሰምቻለሁ፤ ረስተነው ነው እንጂ። ተነሡ፣ ተለዩ» አሉ።

ሰው ተነሣ። ሁሉም ወደ ግራ። እየተጋፋ፣ እርስ በርሱ እየተያየ፣ ወደ ግራ። እንድሪስ መሐል ላይ ቆሞ ቀረ።

«እንድሪስ፣ አይተሃል?» አሉት አባ ይማም።

«የተዘረፈ ሱቄን እንጂ…» አለና ወደ ግራ ሄደ።

በቀኝ በኩል አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ የሚኖሩ አንጥረኛ ሽማግሌ። ምን አዩ ቢባሉ፣ ሰይድ ከኋላው ጠመንጃ ተደግኖበት ኩንታል ሲሸከም አየሁ አሉ። «ጥቆማ አላየሁም። ያላየሁትን አልልም።»

«ያየ በሌለበት እጅ አይወጣም» አሉ አባ ይማም። ዱዓ ተደረገ፤ ክርስቲያኑም አሜን አለ። እንድሪስ ሰይድ እግር ሥር ሊወድቅ ሲል ሰይድ ቀድሞ ያዘው። «አውፍ በለኝ» «አውፍ ብያለሁ» ብለው ይቅር ተባባሉ። ከዚያ ሁላችንም ተሰልፈን እናትየዋን ልንጠይቅ ሄድን። ይህ ሁሉ ሰው ሲገባባቸው ሞቼ ነው ወይ አሉ።

ሰኞ

ክፍል ገብቼ ከአለቅነት ወረድኩ። በሥርዓት ነው የወረድኩት፤ «አለቃው ሲሠራ ያየ በቀኝ ይቁም» አልኩ። ቀኙ ባዶ ሆነ። ዘሃራ ተሾመች። ፈተናው ዓርብ ነው።

ደስ ብሎኛል። ትናንት የሌላ ቅሬ ሰዎች አባ ይማምን ጠይቀዋቸው «የሁሴን አያት ሥርዓት» ብለው አስረድተዋቸዋል አሉ። ፋጤ እንኳ ዛሬ ከወጡ ሥጋውን ለእኔ አወጣች።

ስለዚህ እዚህ ብቻ ልጻፈው። የውርጌሳው አያቴ ዳኛ ሆኖ አያውቅም። እንዲያውም ለቀብር አርፍዶ ቅሬው የቀጣው ሰው ነው። ግራና ቀኙን ቅዳሜ ጋሪው ላይ ተቀምጬ እኔው ነኝ ያሰብኩት። በሕይወቴ አንድ ደህና ነገር ባስብ ለሌላ ሰው ሰጠሁት።

የሚከነክነኝ ግን፣ ያ ሁሉ ሰው ዋርካው ሥር ቆሞ፣ ያየ ከሰማ ሲለይ፣ «አያትህን ዳኛ ሆነው ያየ ማን ነው?» ያለኝ አንድም አልነበረም። አባ ይማምማ ጭራሽ ትዝ አላቸው። ቢጠይቁኝ ኖሮ በቀኝም በግራም የምቆምበት አልነበረኝም።